ሞተሩን ማጥፋት ያቃተኝ ጊዜ

ሾፌር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው «አንተ ደግሞ ምን ሆንኩ ትላለህ? የያዝከው መሪ እንጂ መርፌ አይደል» የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው። አንዱ ፊት ለፊት ብሎኝ አፌን ሞልቼ ሰድቤዋለሁ፤ ንዴት ይቀድመኛል፣ አመሌ ነው። ግን ወላሂ፣ እኔም ለራሴ ያንኑ እያልኩ ነው በሽታዬን አቅፌ የከረምኩት። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ የታመመ ሰው አጠገብ ቆሞ ለሚውል ሁሉ ነው፤ ለአዋላጇ፣ ደም ለምታጥበው የጽዳት ሠራተኛ፣ በር ላይ ላለው ጥበቃ፣ ይልቁንም ለኔ ቢጤ የአምቡላንስ ሾፌር። አንብቡትና ከኔ ቀድማችሁ ታከሙ።

ስሜ ሰይድ ነው፤ የኬሚሴ ልጅ ነኝ። ለየወረዳው አምቡላንስ የታደለ ጊዜ ከኬሚሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሰው አመላልስ ነበር። እናቶችን የሚያመላልስ ሾፌር ይፈለጋል ሲባል ባለቤቴ ዘሀራ «ግባበት፣ አጅር አለው፤ አላህ ይከፍልሃል» አለችኝ። ገባሁ። ደስ ብሎኝም ሠራሁ። መኪናዬ ውስጥ የተወለዱ ልጆች አሉ። አንዱን እንዲያውም በኔ ስም ሰይድ ብለውታል፤ ሲያድግ እንደኔ ቁጡ እንዳይሆን ብቻ።

በጨፋ በኩል ወዳሉት ቀበሌዎች ስትገባ መኪና እስከ ሰው ደጃፍ አይደርስም። ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መንገዱ ያወጣታል። እዚያ ዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ይጠብቃሉ። ሴትዮዋ መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ ሳትመረቅ መሄድ የለም። እጅ ይነሳል። አንዱ ይጀምርና ለሌላው ያስተላልፋል፤ በአማርኛ የተጀመረው ዱዓ በኦሮምኛ ያልቃል። ለእናቲቱ፣ ለሆዷ ፍሬ፣ ለመንገዱ፣ ለዝናቡ፣ ለሾፌሩ ይለመናል፤ ጎማዬ ሳይቀር ተመርቋል። ዱዓ ሲደረግ ደግሞ ሞተር አይጮህም፣ ነውር ነው። ስለዚህ አጠፋለሁ፣ እወርዳለሁ፣ መዳፌን ዘርግቼ አሚን እላለሁ። ሰው የወደደኝ በዚህ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሾፌር የሩቅ አገር ሰው ስለነበር በመስኮት አሚን ብሎ ይፈተለካል እያሉ ያሙት ነበር። እኔ ግን ያገሩ ልጅ ነኝ፤ ሳልመረቅ ቁልፍ አላዞርም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ዝናብ ያካፋል። የደወሉልን ሀዋ ለምትባል ወጣት ነው። ቤቷ ወልዳለች፣ ሴት ልጅ፤ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ ብሎ ደም ይፈሳታል። ከኔ ጋር ያለችው አዋላጅ ነርሷ ሲስተር መዲና ነበረች። ቃሬዛው እስኪመጣ ቆመን ጠበቅን። ሀዋ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ደረስን» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ነበር። መሪያቸው ሼህ ሙሄ ናቸው፤ ያገሩ ሰው ሁሉ በሳቸው ምርቃት ነው የተዳረው፣ የተወለደው። እንደልማዴ ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ። ሼህ ሙሄ ጀመሩ። ለጎናቸው ሰጡ፣ እሱም ለቀጣዩ ሰጠ። በመሀል ሲስተር መዲና የኋላውን በር ከውስጥ ስትመታ ሰማሁ። መዳፌን ሳላወርድ ዘወር ብዬ «አንድ ጊዜ» አልኳት። አሚን አሚን ተባለ። ገብቼ ነዳሁ፤ በዚያ ጭቃ እንዴት እንደነዳሁ አላህ ነው የሚያውቀው።

የቦርከናን ወንዝ ተሻግረን ብዙም ሳንሄድ በኔና በኋላው መካከል ያለችው ትንሿ መስኮት ተከፈተች።

«ሰይድ» አለች መዲና ቀስ ብላ፣ «ቀስ ብለህ ንዳ።»

የአምቡላንስ ሾፌር የሆነ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አዋላጅ «ፍጠን» ስትልህ ተስፋ አለ ማለት ነው። «ቀስ በል» ካለችህ አልቋል። ሳይረኑን አጠፋሁት።

አምቡላንስ ሬሳ አይጭንም የሚል መመሪያ አለ። እና ምን ላድርጋት? መንገድ ላይ ላውርዳት? አዙሬ ወደ አገሯ መለስኳት። ሽማግሌዎቹ ገና አልተበተኑም ነበር። ሼህ ሙሄ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መስኮቴ ቀረቡና «ምን ረስታችሁ ነው ልጄ?» አሉኝ። ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩላቸው።

መጀመሪያ ምንም አልሆንኩም። እውነቴን ነው። በልቼ አደርኩ፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ ቀልዴንም ቀለድኩ። ሞት የአላህ ነው፣ አጀሏ ደርሶ ነው አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን መኪናውን ጤና ጣቢያው ግቢ አቁሜ ቁልፉን ላዞር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሞተሩን ካጠፋሁት አንድ ሰው የሚሞት መሰለኝ። እያወቅኩት ነው እኮ! መኪናው ውስጥ ማንም የለም፣ ጥሪም የለም። እንደዚያም ሆኖ ላብ እያጠመቀኝ የሚንተከተከውን ሞተር እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። ጥበቃው መጥቶ «ምን እየጠበቅክ ነው?» ሲለኝ «ሞተሩን እያሞቅኩ» አልኩት። በዚያ ሐሩር!

ይሄ ነገር ባሰብኝ። ነዳጅ የሚፈጀው ማነው ተብሎ ተጠየቅኩ፤ ባትሪው ደካማ ነው ብዬ ዋሸሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ዘሀራ ስትገላበጥ እሰማለሁ፣ እሷም እኔን ትሰማለች። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይንደቀደቃል። ግራ እጄ ይደነዝዛል። ልጆቼ ሲሳሳቁ እጮህባቸዋለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ዘልዬ እነሳለሁ።

ቀጥሎ ጁሙዓ መጣ። መስጊድ ውስጥ ኢማሙ ዱዓ ሲያደርጉ ሰዉ ሁሉ ባንድ ድምፅ «አሚን» ሲል ትንፋሼ ተዘጋ። የሞትኩ መሰለኝ። ሰው እየረገጥኩ ወጥቼ ጫማዬን እንኳ ሳላነሳ በባዶ እግሬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ መስጊድ ቀረሁ። ኬሚሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ የቀረ ሰው ይታወቃል። «ሰይድ ምን ነካው? ዲኑን ጣለ እንዴ?» ተባለ። ወሬው ዘሀራ ጆሮ ደርሶ አልቅሳ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አሚን የሚለውን ቃል ፈራሁት ይባላል?

ሕክምና ጀመርኩ። ከተማችን ያለ አንድ ክሊኒክ ደሜን አየና ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብሃል አለኝ። በኛ አገር ያልታወቀ በሽታ ሁሉ ስሙ ይሄ ነው። መርፌውን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላው ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተው አለኝ። ተውኩ፤ አልጫ እየበላሁ ሞተሩ ላይ አፈጣለሁ። ደረቴ ሲብስ ዘሀራ ያረባቻትን ጊደር ሰንበቴ ገበያ አውጥታ ሸጠችና ደሴ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድን። በሽቦ አሰሩኝ፣ ወረቀቱ ወጣ፤ ሐኪሙ አየት አድርጎ «ልብህ የጎረምሳ ነው፣ ምንም የለብህም» አለኝ። ዘሀራ አልሐምዱሊላህ ብላ ፊቷ በራ። እኔ ግን እዚያው አግዳሚው ላይ ተስፋዬ ተቆረጠ። ምንም ከሌለብኝ መድኃኒትም የለኝም ማለት ነዋ።

ዘመዶቼ ደግሞ ጂን ነው አሉ፤ ሬሳ መልሶ ስለወሰደ ነው አሉ። በኔው ቤት ወዳጃ ተዘጋጀ። ወዳጃ በኛ አገር ለታመመ፣ ለተቸገረ ሰው ሰብሰብ ተብሎ የሚደረግ ዱዓ ነው። ክፋት የለውም፤ እኔም ስንት ሰው ሲሽር አይቻለሁ። ግን አስቡት፣ በሽታዬ አሚን ነው፣ ያመጡልኝ መድኃኒትም አሚን! ገና እጅ ሲነሳ በጓሮ በር ወጥቼ ጠፋሁ። ዘሀራ በእንግዳ ፊት ተዋረደች። ያን ማታ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች። «የምሄደው ጠልቼህ አይደለም፣ ፈርቼህ ነው» ነው ያለችኝ። እስካሁን ስጽፈው ያመኛል።

በዚያ ሰሞን ጥሪ መጣና ስልኩን አላነሳሁም። ሲጮህ እያየሁት። ሌላ መኪና ከሌላ ወረዳ ተለምኖ ሴትዮዋ በሰላም ወለደች፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ወይ እድናለሁ፣ ወይ ቁልፉን አስረክባለሁ፤ እንዲህ ሆኜ የሰው ሚስት፣ የሰው እናት አልጭንም። በማግስቱ ቁልፉን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ልገባ ስል ሲስተር መዲና በረንዳው ላይ ያዘችኝ።

«ቁልፉን የት ነው የምትወስደው?»

«ላስረክብ።»

«ደሴ ሂድና የአእምሮ ሕክምናውን ታይ መጀመሪያ።»

«እብድ ነው የምትዪኝ?» ጮህኩባት። ግቢው ሁሉ ሰማ።

«እብድ ብዬህ ቢሆን ኖሮ መኪና አላስይዝህም ነበር» አለችኝ እሷም ጮኻ፣ «ሞተር ማጥፋት ያቃተው ሰው ነው ያልኩህ! ሁላችንም እኮ እናያለን ሰይድ። የሚናገር ጠፋ እንጂ።»

አፈርኩ። ግን ደግሞ አንድ ሰው አይቶኝ ነበር ማለት ነው። ለዘሀራ ደውዬ ነገርኳት። እሷም «አብረን እንሄዳለን» አለች።

የደሴውን ሆስፒታል አውቀዋለሁ። ስንት የታሰረ፣ ስንት የሚጮህ ሰው በመኪናዬ አድርሻለሁ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ወዳጄ ነው፤ ሲያየኝ «ሰይዶ! ዛሬ ደግሞ ማንን አመጣህ? በሽተኛው የታል?» አለኝ እየሳቀ። ደረቴን በጣቴ ነካሁና «ይኸው» አልኩት። ሳቁ ጠፋ። በእጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ራሱ ካርድ ክፍል ድረስ ወሰደኝ። ያችን ደግነት አልረሳትም።

መጠበቂያው ቦታ ላይ ፎጣዬን ፊቴ ድረስ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከፊቴ አንዱ እንደኔው ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቷል። ቀና ሲል ተያየን፤ ከጎረቤት ወረዳ ጤና ጣቢያ የማውቀው ነርስ ነው! «ሰው ላሳክም መጥቼ» አለኝ ቶሎ ብሎ። «እኔም» አልኩት። ተራ እስኪደርስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሱ ስም ተጠራ። ተነሳና ዞር ብሎ «እንግዲህ ሰውየውን ይዤ ልግባ» አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቃችን መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቅኩት ሳቅ ነበር። ዘሀራም ሰረቅ አድርጋ አየችኝ።

ያከመኝ ጌታቸው የሚባል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እኔ ስቆጣ እንኳ አይቸኩልም። ሁሉን ነገርኩት፤ ስለ ሀዋ፣ ስለ ዱዓው፣ ስለ በሩ ድምፅ፣ ስለ ቁልፉ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነው። ስጨርስ ወረቀት አልጻፈም መጀመሪያ። «ሰይድ» አለኝ፣ «ሀዋ ስትሞት ቤተሰቧን ሰው ሁሉ መጥቶ ሰብሩን ይስጣችሁ፣ ያጽናችሁ ብሏል፣ አይደል?»

«እንዴታ።»

«አንተንስ ማን አለህ?»

ማንም። እኔ ሾፌር ነኝ፣ ማን ይለኛል? እኔም ለቅሶዋ አልሄድኩም፤ በምን ፊቴ! ሳላስበው እንባዬ ወረደ። ዘሀራ እጄን ያዘችኝ።

በሽታው ስም አለው አለኝ። ከባድ ነገር ያየ ሰው አእምሮው ያችን ቀን አልዘጋ ይላል፤ ሰውነቱ ሁልጊዜ ያው አደጋ እንደመጣ አድርጎ ይነሳል፣ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይደነዝዛል። ወታደርን ብቻ የሚይዝ እንዳይመስልህ፣ ነርስንም ሾፌርንም ይይዛል አለኝ። ኪኒን ሰጠኝ፤ ቶሎ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሻል ሲልህ ራስህ እንዳታቋርጥ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከሥራ ለጊዜው ዕረፍት ወጥቼ እየተመላለስኩ ማውራት ያዝኩ። ዘሀራ ከልጆቹ ጋር ወደ ቤታችን ተመለሰች። አንዴ ሻል ሲለኝ የታባቱ ብዬ ኪኒኑን ተውኩት፤ ተመልሶ ጣለኝ። እባካችሁ ይሄን ስህተት አትድገሙት።

አንድ ቀን ጌታቸውን በቀጥታ ጠየቅኩት። «ሞተሩን ባላጠፋ ትተርፍ ነበር?»

«አላውቅም» አለኝ። «እዚያ አልነበርኩም። የነበረችውን ጠይቃት።»

መዲናን ለመጠየቅ ስንት ቀን ፈራ ተባ እንዳልኩ! መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያው ግቢ ያለችው የኒም ዛፍ ሥር አገኘኋትና ጠየቅኳት። መልሷን ማር አልቀባችውም።

«ከጠዋት ጀምሮ ቤቷ ስትደማ ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ክንዷ ላይ የደም ግፊቷን ማግኘት አቅቶኛል። ኬሚሴ ብንደርስም የምንሰጣት ደም አልነበረንም፤ ደሴ ነው የምንልካት። አትደርስም ነበር ሰይድ። በሩን የመታሁት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ብቻዬን ስለፈራሁ ነው። ልትሞትብኝ እንደሆነ አውቄ ስለነበር። እኔን ደግሞ ማን ጠየቀኝ? በማግስቱ እኮ ሌላ ሴት ነው ያዋለድኩት።»

ሱብሐነላህ። እኔ በራሴ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ እሷን አላየኋትም ነበር። «ሰብሩን ይስጥሽ» አልኳት። «አንተንም» አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ለሟች ዘመድ እንደሚባለው ተባባልን።

ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያችን አንድ ልማድ ያዝን። ሰው የሞተብን ቀን ሥራ ሲያበቃ እዚያችው ኒም ሥር እንቀመጣለን፤ ነርሱም፣ ጽዳቷም፣ ጥበቃውም፣ እኔም። ማን አጠፋ የሚል ግምገማ አይደለም፤ እሱ በቢሮ አለ። ያየነውን እናወራለን፣ ሰብሩን ይስጥህ እንባባላለን። መናገር ያልፈለገ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጌታቸውም አንድ ጊዜ ከደሴ መጥቶ አብሮን ተቀምጧል። የጽዳት ሠራተኛችን ያን ቀን የሀዋን ደም ከመኪናው ያጠበችው እሷ እንደነበረች የነገረችን እዚያ ነው። እኔ ማን እንዳጠበው አስቤም አላውቅ።

የቀረኝ ሼህ ሙሄ ነበሩ። ዘሀራ ሽርጤን አጥባ አለበሰችኝና ከመዲና ጋር ሄድኩ። የሀዋን ቤተሰቦች ለቅሶ ደረስን፤ ያን ቀን የወለደቻት ልጅ ድክ ድክ ትላለች። ከዚያ ሼሁን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ከስተዋል። «አከም ቡልቴ» አሉኝ፣ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። ዱዓ ያድርጉልኝ ስላቸው እጃቸውን ከጉልበታቸው አላነሱም።

«ተውኩት» አሉ። «ያን ቀን ሞተሩን ያስጠፋሁህ እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ደሟ እየፈሰሰ እኔ ለጎማህ ዱዓ ሳረዝም! ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት እጄን አንስቼ አላውቅም። ይሄው ሰዉ ሼህ ሙሄ ኮሩ ይለኛል።»

እኔ አሚን ማለት ሲያቅተኝ እሳቸው ለካ አሚን ማስባል አቅቷቸው ነው የከረሙት። መዲና ለኔ ያለችውን ሁሉ ለሳቸውም በኦሮምኛ አስረዳቻቸው፤ ስለ ደሙ፣ ስለ ጠዋቱ፣ ስለ ደሴ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ስትጨርስ «ግን የሌላዋን ሴት ማን ያውቃል?» አሉ፣ «ለሌላዋ ያቺ ጊዜ ትበቃ ይሆናል።» እውነት ነው። ስለዚህ እዚያው ተስማማን፤ እናት ስትሄድ ሞተር አይጠፋም፣ ዱዓውም ቢስሚላህ ብቻ ነው። ረጅሙ ስትመለስ ይሆናል። ሼሁ ራሳቸው ለቀበሌው ሁሉ ነገሩልን፤ ከሳቸው አፍ ባይወጣ ማን ይሰማን ነበር?

ሥራ ከተመለስኩ በኋላ ከዚያው አገር ጥሪ መጣ። ሰዓዳ የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ምጡ ጸንቶባታል። ዋርካው ሥር ደርሼ ፍሬን ያዝኩ። ሼህ ሙሄ ቆመዋል። ሞተሩ እየጮኸ ጫንናት። እሳቸውም የመኪናውን በር በመዳፋቸው ቸብ አድርገው «ቢስሚላህ፣ ሂድ!» አሉኝ። ሄድኩ። መዲና ከኋላ «ፍጠን!» አለችኝ፤ ያን ቃል እንዴት እንደወደድኩት!

በሰላም ተገላገለች። ካገገመች በኋላ እሷንና ልጇን ይዤ መለስኳቸው። ዋርካው ሥር አቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ከበቡን። ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል፤ እጄ ቁልፉ ላይ ነው፣ ደረቴ መደለቅ ጀመረ። ጌታቸው እንዳስተማረኝ ትንፋሼን በረጅሙ ሳብኩና ለቀቅኩ። ዘወር ብዬ ሰዓዳን አየኋት። ቁጭ ብላ ልጇን ታጠባለች። ቁልፉን አዞርኩት። ጸጥ አለ።

ወርጄ መዳፌን ዘረጋሁ። ሼህ ሙሄ ግን አልጀመሩም። እጃቸውን ከምርኩዛቸው አላነሱም። «ዛሬ አንተ ጀምር» አሉኝ።

«እኔ? እኔ ምን አውቄ ሼህ ሙሄ?»

«እኔ ስንት ጊዜ መረቅኩህ። አንድ ቀን እንኳ አንተ ብትመርቀኝ ምን አለበት?»

አፌ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ያ ረቢ፣ ሀዋን ማራት። የቀረነውንም ሰብሩን ስጠን። የሼህ ሙሄን እጅ ለዱዓ መልስልን።»

«አሚን» አሉ ሼህ ሙሄ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው። «አሚን» አለ ሰዉ ሁሉ ባንድ ድምፅ፤ እኔም አልሸሸሁም። ከኋላ ሕፃኑ ጡቱን ለቆ አለቀሰ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማን።